የከዋክብት ዱካ ፎቶ በእኛ ሰማይ፦ ደረጃ በደረጃ

ከዋክብት ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ረጃጅም መስመር ሆነው፣ ወይም በአንድ ማዕከል ዙሪያ ክብ በክብ ተደርድረው የሚታዩበትን ፎቶ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎች ቴሌስኮፕና ውድ ካሜራ የሚፈልግ ይመስላቸዋል። አይፈልግም። ሠርግ የሚያነሳ ጓደኛ ካላችሁ የእሱ ካሜራ ለአንድ ሌሊት ይበቃችኋል። ሰው የሚቸገረው በሌላ ነገር ነው። የሚገኙት መመሪያዎች በአብዛኛው አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ለሚኖር ሰው የተጻፉ ስለሆኑ «የሰሜን ኮከብን ፈልጉና ከዛፉ ጫፍ በላይ አስቀምጡት» ይላሉ። ያንን ምክር ይዞ አዲስ አበባ ዙሪያ የወጣ ሰው ኮከቡ ከፊት ለፊቱ ካለው ኮረብታ ጀርባ ተደብቆበት ያመሻል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ሰማይዋ የሚዞርበት አኳኋን ከሰሜኑ ዓለም ይለያል፤ አነሳሱም አብሮ ይለያል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንይ። የምትዞረው ምድር ናት፤ አንዱን ዙር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ትጨርሳለች። ስለዚህ ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ፣ በ4 ደቂቃ ደግሞ 1 ዲግሪ የሚሄድ ይመስለናል። ካሜራችሁ ሳይነቃነቅ ለ1 ሰዓት ቢያይ እያንዳንዱ ኮከብ የክብ ሃያ አራተኛ እጅ የሚሆን ቅስት ይጽፋል ማለት ነው። በ2 ሰዓት 30 ዲግሪ፣ በ6 ሰዓት የክቡ ሩብ።

በፊልም ዘመን ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራውን መዝጊያ፣ ለሰዓታት ከፍቶ መተው የተለመደ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደረግም። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ይሞቅና ምስሉን በነጠብጣብ ይሞላዋል፤ ሰማዩም እየነጣ ይሄዳል፤ አንድ መኪና መብራቱን አብርቶ ቢያልፍ የሌሊቱ ልፋት በሙሉ ይበላሻል። አሁን የሚሠራበት መንገድ እያንዳንዳቸው 30 ሰከንድ የሚፈጁ ብዙ ፎቶዎችን በተከታታይ አንስቶ በኋላ በኮምፒውተር ማደራረብ ነው። መኪና ካለፈ የሚበላሸው አንድ ፎቶ ብቻ ይሆናል።

የምትይዙት ዕቃ

ካሜራው በእጅ የሚስተካከል ሁነታ፣ ማለትም «ኤም» የሚለው ያለው ይሁን። የካኖን፣ የኒኮን ወይም የሶኒ አሮጌ ሞዴል ይበቃል። ሌንሱ ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ያለው ሌንስ በ18 ላይ ጥሩ ይሠራል፤ 14 ወይም 16 ያለው ሰው ደግሞ የተሻለ ሰማይ ያገኛል።

ስታንድ ላይ አትቆጥቡ። ቀላልና ተንቀጥቃጭ ስታንድ ይዛችሁ ደጋ ላይ ብትወጡ ነፋሱ ይጫወትባችኋል። ያላችሁ ቀላሉ ብቻ ከሆነ እግሮቹን ሳታስረዝሙ ዝቅ አድርጋችሁ ትከሉት፤ ከመሃሉ ድንጋይ የሞላ ፌስታል ወይም ቦርሳችሁን አንጠልጥሉበት፤ ቦርሳው ግን መሬት ይንካ፣ አለበለዚያ ራሱ እየተወዛወዘ ያነቃንቀዋል።

ሹተሩን የሚቆልፍ የገመድ ሪሞት ያስፈልጋል። ርካሹ፣ ቁልፉን ወደፊት ገፍቶ መቆለፍ የሚቻልበት ዓይነት ከሁሉ ይሻላል፤ ምክንያቱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ። ከዚህ ሌላ ሁለት ሙሉ ባትሪ፣ ቢያንስ 16 ጊጋባይት ባዶ ሜሞሪ ካርድ፣ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ የራስ ባትሪ (ወይም ተራውን ባትሪ በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኑት)፣ ጋቢ፣ በፔርሙስ ሻይ። ጋቢና ሻይ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደጋ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ከካሜራው በፊት ሰውየውን ያቆመዋል።

ወሩ፣ ጨረቃዋና ሰዓቱ

ክረምቱን እርሱት። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ደመናው ለተከታታይ ሁለት ሰዓት ሰማይ አይለቅም። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ዝናቡ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ከሁሉ ይጠራል። የካቲትና መጋቢት ላይ አቧራውና የማሳ ጭሱ አድማሱን ያደበዝዘዋል፤ ይህ ደግሞ ዝቅ ብሎ ለሚታየው የሰሜን ኮከብ መጥፎ ዜና ነው።

ሙሉ ጨረቃ ካለች አትውጡ። ግን ጨለማው ድፍን ይሁን ማለቴም አይደለም። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ፣ የ4 ወይም የ5 ቀን ጨረቃ በምሽቱ መጀመሪያ በምዕራብ በኩል ሆና መሬቱን ለስለስ ባለ ብርሃን ታበራላችኋለች፤ ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጠልቃ ሰማዩን ትለቅላችኋለች። ዛፉ፣ ጎጆው፣ ተራራው ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ከፈለጋችሁ ይህን የመሰለ ነፃ መብራት የለም። የጨረቃዋን ዕድሜ ስቴላሪየም የተባለው መተግበሪያ ይነግራችኋል፤ አጠገባችሁ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መሪጌታ ካለ ደግሞ ያለ ስልክ ቆጥሮ ያወጣላችኋል።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ እስኪጨልም ከአንድ ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። በኅዳር ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በጥር መጨረሻ ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል ተሻግሮ መጀመር ይቻላል። የካሜራው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ ሞባይላችሁ ላይ ካለው ጋር እንዳታምታቱ አስቀድማችሁ አስተያዩት።

ቦታውና ፈቃዱ

ሰማዩ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ መሬቱ ነው። የዱካ ፎቶ ላይ መስመሮቹ ብቻ ከሆኑ አይን ሰከንድ ቆይቶ ያልፋል፤ ከስር አንድ የሚያስቆም ነገር ያስፈልጋል። ብቻውን የቆመ ግራር ወይም ዋርካ፣ የሣር ክዳን ቤት፣ የገደል ጫፍ፣ ረጋ ያለ ውሃ። በቀን ሄዳችሁ ምረጡት። ማታ ባትሪ ይዞ የሚመረጥ ቦታ ጠዋት ሲታይ የመብራት ሽቦ አያጣም።

ከከተማ መራቅ ግድ ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ግን ብዙ ሳይርቅም መንገድ አለ። ዋናው ከተማውን ከጀርባ ማድረግ ነው። እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የምርምር ጣቢያ መኖሩን ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ሸንተረር ወደ ደቡብ ስትመለከቱ የከተማው ብርሃን ሰማዩን ያቀላዋል። ወደ ሰሜን ዞራችሁ ብታነሱ ግን፣ የሱሉልታ በኩል መብራት እየበዛ ቢመጣም፣ ለመለማመድ የሚሆን ሰማይ ታገኛላችሁ። ሰፈሩ በሙሉ መብራት የጠፋበት ምሽት ደግሞ አለ፤ ሌላው ሰው ሻማ ሲፈልግ እናንተ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሰገነት ላይ ውጡ።

ራቅ ብሎ መሄድ ለሚችል ወንጪ፣ አንኮበር፣ ላንጋኖ፣ የሰሜን ተራሮች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ጣጣ አለው። ወንጪ ላይ ወደ ሐይቁ ወርዳችሁ ወደ ሰሜን ብታዞሩ የገደሉ ግድግዳ የሰሜን ኮከብን ሊሸፍንባችሁ ይችላል፤ ከላይ ከጠርዙ ማንሳት ይሻላል። በሰሜን ተራሮች ብርዱ ባትሪ ይበላል። አፋር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሙቀቱ የሴንሰሩን ነጠብጣብ ያበዛዋል። ላሊበላ ሲባል ሁሉም ሰው ቤተ ጊዮርጊስን ያስባል፤ ነገር ግን ሕንፃው ወደ ታች የተፈለፈለ፣ አናቱ ከዙሪያው መሬት ጋር እኩል የሆነ ነው። ካሜራው ወደ ታች ካላየ ሕንፃው አይታይም፣ ወደ ላይ ካላየ ሰማዩ አይገባም። በጣም ሰፊ ሌንስ ከሌላችሁ ሌላ ነገር ፈልጉ።

አሁን በፈረንጆቹ መመሪያ ውስጥ የማታገኙት ነገር። በሌሊት ሦስት እግር ያለው ዕቃ ተክሎ፣ ቀይ መብራት እያበራ፣ ወደ ሰማይ የሚያነጣጥር እንግዳ ሰው በዚህ ዘመን ያጠራጥራል፤ የሚጠራጠረው ሰው ደግሞ አልተሳሳተም። በቀን ሂዱ፤ ለቀበሌው ወይም ለአካባቢው ሚሊሻ ተናገሩ፤ የባለ ማሳውን ፈቃድ ጠይቁ፤ ከዚህ በፊት ያነሳችሁትን ወይም ስልካችሁ ላይ ያለ ተመሳሳይ ፎቶ አሳዩ። «ኮከብ ነው የማነሳው» ከሚለው ቃል ይልቅ ፎቶው ይገባቸዋል። ከአካባቢው አንድ ሰው ከፍላችሁ አብራችሁ ይዛችሁ ብትወጡ ከጅብም ከሰውም ጣጣ ትድናላችሁ። የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ሁኔታ በዚያው ሳምንት አጣሩ፤ ባለፈው ዓመት ሰላም ነበር ማለት አይበቃም። ወታደራዊ ካምፕ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ግድብና ድልድይ አጠገብ ካሜራ አትትከሉ። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፣ ከቅጥሩ ውጪ ሁኑ፣ ማኅሌት ላይ ላሉት ሰዎች ባትሪ አታብሩ።

ወዴት ዞሮ ማንሳት

የፎቶውን መልክ የሚወስነው ይህ ነው፤ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡት።

ሰማዩ የሚዞርበት ማዕከል ላይ ያለው የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚቆምበት ከፍታ እናንተ ካላችሁበት የኬክሮስ ዲግሪ ጋር እኩል ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ኮከቡ 9 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብታሳዩት አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንግዲህ ኮከቡ ከአድማሱ አንድ ጡጫ እንኳ አይሞላም። ላሊበላ ላይ 12፣ አክሱም ላይ 14፣ አርባ ምንጭ ላይ 6 ዲግሪ። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ 39፣ ቴል አቪቭ ያለው 32፣ ዱባይ ያለችው 25፣ ስቶክሆልም ያለው ደግሞ 59 ዲግሪ ላይ ያገኘዋል። ለእነሱ የውጪዎቹ መመሪያዎች ይሠራሉ፤ ለእኛ መጠገን አለባቸው።

ወደ ሰሜን ከዞራችሁ ካሜራውን በቁመቱ አድርጉት። 18 ሚሊሜትር ሌንስ ተራ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ በቁመት 64 ዲግሪ ያህል ያያል። አድማሱን ከስር 10 ዲግሪ ቦታ ሰጥታችሁ ብትተዉለት የሰሜን ኮከብ የፎቶው የታችኛው ሲሶ ላይ ያርፋል፤ ከእሱ በላይ ቅስቶቹ እየሰፉ ጣሪያ ድረስ ይወጣሉ። ሙሉ ክብ አትጠብቁ፤ ከአድማስ ሳይጠልቁ የሚዞሩት ለኮከቡ በጣም የቀረቡት ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ግማሻቸው መሬት ስር ይቀራል። ሰሜኑ ክፍት የሆነ ቦታ፣ ማለትም ሜዳ ወይም የገደል ጫፍ ያስፈልጋችኋል። ከፊት የሚቆመው ዛፍ ወይም ቤት ከኮከቡ በቀኝ ወይም በግራ ይሁን እንጂ ፊት ለፊቱ አይሁን።

ኮከቡን ለማግኘት፦ በጥቅምትና በኅዳር ምሽት ካሲዮፒያ በሰሜን ከፍ ብላ ትታያለች፤ አምስት ደማቅ ከዋክብቷ የተጣመመ ዚግዛግ ይሠራሉ፤ ከእሷ ወደ አድማሱ ቁልቁል ስትወርዱ መጠነኛ ድምቀት ያለው ብቸኛ ኮከብ ታገኛላችሁ። (የግሪክ ተረት ካሲዮፒያን «የኢትዮጵያ ንግሥት» ይላታል፤ ባሏ ኬፍየስም እዚያው አጠገቧ አለ።) ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ደግሞ ታላቁ ድብ በሰሜን ምሥራቅ ይወጣል፤ ከሰባት ደማቅ ከዋክብቱ የፊተኞቹን ሁለት አገናኝታችሁ መስመሩን በአምስት እጥፍ አስረዝሙት። ጭጋግ ካለና ካልታያችሁ የስልካችሁ ኮምፓስ ይበቃል፤ ስህተቱ በእኛ አገር ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በሰፊ ሌንስ አይታወቅም።

እኔ ግን ለጀማሪ የምመክረው ወደ ምሥራቅ መዞርን ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ መሆናችን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በምሥራቅ በኩል የሚወጡ ከዋክብት ወደ ጎን ሳያዘነብሉ ቀጥ ብለው ከመሬት ይነሳሉ፤ ስዊድን ያለ ሰው ይህን ከቶ አያገኝም። ሌንሱ ሰፊ ከሆነ መሃሉ ላይ ያሉት መስመሮች ቀጥ ሲሉ፣ በግራ ያሉት ወደ ሰሜን፣ በቀኝ ያሉት ወደ ደቡብ ይጎብጣሉ፤ በአንድ ፎቶ ሁለቱንም አጎባበጥ ታያላችሁ። በታኅሣሥና በጥር ምሽት ደግሞ ኦሪዮን በዚያው በኩል ይወጣል፤ ቀላ ያለው ቤተልጌዝና ሰማያዊ የሚመስለው ሪጅል ቀለም ያላቸው መስመሮች ይጽፉላችኋል። ካሜራው አግድም ይሁን፤ ከስር አንድ ግራር ይበቃል።

ወደ ደቡብ ስትዞሩ የሚዞሩበት ማዕከል ከአድማስ በታች ነው። ስለዚህ የሚታየው ከአንዱ አቅጣጫ ተነስቶ በሌላው የሚጠልቅ የተደራረበ ቅስት ይሆናል። በጥር ምሽት ከሰማይ ሁለተኛው ደማቅ ኮከብ ካኖፐስ በአዲስ አበባ ሰማይ እስከ 28 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ከሁሉ ደማቁን ቅስት የሚጽፈው እሱ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሰማይ ከፈቀደ የደቡብ መስቀል በዚያው በኩል አለ። ለተራራ ሰንሰለት ይህ አቅጣጫ ይስማማል።

ካሜራውን ማዘጋጀት

ሰማዩ ከመጨለሙ በፊት ስታንዱን ትከሉ፣ አድማሱን አቃኑ፣ የመሬቱን ፎቶ በመሸ ሰማያዊ ብርሃን ሁለትና ሦስት ጊዜ አንሱ። ከዚያ በኋላ ስታንዱን ማንም አይንካው። እነዚያ የመሸ ፎቶዎች በኋላ ከዱካው ጋር ይደረባሉ።

ፎከሱን ወደ እጅ ማስተካከያ ቀይሩ። የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉ፤ ስታንድ ላይ ሲሆን ራሱ ያንቀጠቅጣል። በጀርባው ስክሪን ደማቅ ኮከብ ወይም ፕላኔት ፈልጉ (ሲሪየስ ወይም ጁፒተር ካሉ እነሱ ናቸው)፣ በማጉያው ቁልፍ 10 እጥፍ አጉሉት፣ ነጥቡ ከሁሉ ትንሽ እስኪሆን የፎከስ ቀለበቱን በዝግታ አዙሩ። ሌንሱ ላይ ያለው የማያልቅ ርቀት ምልክት አታምኑት። ሲያበቃ ቀለበቱን በትንሽ ፕላስተር ለጥፉት።

«ረጅም ተጋላጭነት ኖይዝ ማጥፊያ» የሚለውን ምርጫ በሜኑ ውስጥ ፈልጋችሁ አጥፉ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ። ይህ ምርጫ ክፍት ከሆነ ካሜራው ከእያንዳንዱ የ30 ሰከንድ ፎቶ በኋላ ሌላ 30 ሰከንድ ሹተሩን ዘግቶ ለራሱ ይሠራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኮከቡ አሥር ፒክስል ያህል ይሄዳል፤ የመጨረሻው ፎቶ ላይ መስመር ሳይሆን የተቆራረጠ ሰረዝ ታገኛላችሁ። የአንድ ሰከንድ ክፍተት ግን ከአንድ ፒክስል ስለማያልፍ አይታይም።

መነሻ ልክ፦ ሹተር 30 ሰከንድ፣ አፐርቸር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፣ ሌንሱ የሚከፍተው ሰፊው (ኤፍ 2.8 ወይም 3.5)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600። ከተማ አቅራቢያ ከሆናችሁ አይኤስኦ 400 ወይም 800፣ ሹተር 15 ወይም 20 ሰከንድ። ኋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛኑ) በራስ ሰር አይሁን፤ 4000 ኬልቪን አካባቢ አድርጋችሁ ቆልፉት፣ አለበለዚያ ፎቶዎቹ ቀለማቸው እየተለዋወጠ ሲደራረቡ ያስጠላሉ።

አንድ ነገር ይግባችሁ። ኮከቡ እየሄደ ስለሆነ እያንዳንዱ ፒክስል ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ሹተሩን ከ15 ወደ 30 ሰከንድ ብታስረዝሙ መስመሩ አይደምቅም፤ የሚደምቀው የሰማዩ መደብና መሬቱ ነው። የመስመሩን ድምቀት የሚወስኑት አፐርቸሩና አይኤስኦው ናቸው። ስለዚህ ሰማዩ ከነጣባችሁ ሹተሩን አሳጥሩ፤ መስመሩ ከደከመ አይኤስኦውን ጨምሩ። መስመሮቹ ሁሉ ነጭ ከሆኑ ግን አይኤስኦው በዝቷል፤ ቀንሱት፣ የከዋክብቱ ቀለም ይመለሳል።

ራው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ወይስ ጄፔግ (ተቀነባብሮ የታመቀው)? ሁለት ሰዓት ወደ 240 ፎቶ ነው፤ በራው 6 ጊጋባይት ይደርሳል፣ በጄፔግ 2 ይበቃዋል። ኮምፒውተራችሁ ደካማ ከሆነ ጄፔግ በትልቁ ጥራት አንሱ፤ ለዱካ ፎቶ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ማንሳት

አንድ የሙከራ ፎቶ አንሱና አጉልታችሁ እዩት። ከዋክብቱ ስለታም ናቸው? ጥግ ላይ ያላያችሁት የመብራት ሽቦ አለ? ሂስቶግራሙ (የፎቶውን ጨለማና ብርሃን የሚያሳየው ግራፍ) ግራ ግድግዳ ላይ ተጣብቋል፣ ማለትም ፎቶው በጣም ጨልሟል? አስተካክላችሁ ሌላ አንሱ። ከዚያ ካሜራውን ተከታታይ ማንሻ ላይ አድርጉት፣ የሪሞቱን ቁልፍ ተጭናችሁ ወደፊት ገፍታችሁ ቆልፉት። በቃ። አንዱ ሲያበቃ ቀጣዩ ይጀምራል።

ርካሹን ሪሞት ያወደስኩት ለዚህ ነው። ሰዓት የሚሞላለት ሪሞት ወይም የካሜራው ውስጣዊ ቆጣሪ ስትጠቀሙ «በየ31 ሰከንዱ አንሳ» ብላችሁ ታዙታላችሁ። ብዙ ካሜራዎች ላይ ግን «30 ሰከንድ» የሚባለው በእውነት 32 ሰከንድ ነው። ቆጣሪው ሲያዝ ሹተሩ ገና አልተዘጋም፤ ያንን ፎቶ ይዘለዋል፤ ግማሹ ሌሊት ይጠፋል። በቆጣሪ የምትሠሩ ከሆነ 33 ወይም 34 ሰከንድ ሙሉ፣ አምስት ፎቶ እስኪያነሳ ቆማችሁ ቁጠሩ።

ቢያንስ 45 ደቂቃ ይሂድ፤ ከዚያ ያነሰው ዱካ ሳይሆን የተንቀጠቀጠ ፎቶ ይመስላል። ወደ ሰሜን ከሆነ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሻላል፤ ለማዕከሉ የቀረቡት ከዋክብት የሚጽፉት ቅስት አጭር ነውና። ወደ ምሥራቅ ከሆነ አንድ ሰዓት ይበቃል። በ18 ሚሊሜትር ሌንስ የአንድ ሰዓት መስመር የፎቶውን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ይሸፍናል።

መሬቱ ጨለማ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች በአንዱ ላይ ብቻ ባትሪ አብሩበት። ከካሜራው ኋላ ሆናችሁ አይደለም፤ ከጎን፣ ራቅ ብላችሁ፣ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ዛፉን በፍጥነት እየጠረጋችሁ። ቢጫ ያለው ብርሃን ከነጩ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ባትሪ ይጥፋ፤ ስልካችሁንም ወደ ካሜራው አታዙሩ።

በየግማሽ ሰዓቱ የሌንሱን ፊት ከጎን በቀይ ብርሃን እዩት። ጤዛ ከያዘው ፎቶው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ እናንተ ሳታውቁ ሌሊቱ ያልቃል። የሌንስ ኮፍያ ያዘገየዋል፤ ከፓወር ባንክ የሚሠራ የሌንስ ማሞቂያ ቀበቶ ያገኘ ሰው ደግሞ ይገላገላል። ትርፍ ባትሪውን የውስጥ ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት። መቀየር ካለባችሁ አንዱ ፎቶ እንዳለቀ በፍጥነት፣ ስታንዱን ሳትነቀንቁ ቀይሩ፤ በአንዳንድ ካሜራ የባትሪው በር በስታንዱ ሰሌዳ ስለሚሸፈን በቀን ሞክሩት።

ሲያልቅ፣ ካሜራው ሳይነሳ የሌንሱን ክዳን ግጠሙና በዚያው ልክ ከ5 እስከ 10 ጥቁር ፎቶ አንሱ። ሴንሰሩ የሚተወውን ነጠብጣብ በኋላ ለመቀነስ ይጠቅማሉ። በተለይ ቆላ ላይ አትዝለሉት።

ማደራረብ

ስታርስታክስ የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ፎቶዎቹን በሙሉ ጎትታችሁ አስገቡ፣ ጥቁሮቹን ለብቻ በተሰጣቸው ቦታ አስገቡ፣ «ክፍተት ሙላ» የሚለውን ሁነታ ምረጡና አስጀምሩት። የሚሠራው ቀላል ነገር ነው፦ ለእያንዳንዱ ፒክስል ከ240ዎቹ ፎቶዎች መካከል ደማቁን ይመርጣል። ኮከቡ ያለፈበት ሁሉ ስለሚቀር መስመር ይሆናል። ፎቶሾፕ ወይም ነፃው ጊምፕ ላይ ፎቶዎቹን እንደ ሌየር ደርድራችሁ ሁሉንም «ላይተን» ማድረግም ያንኑ ያመጣል፣ ብዙ ሲሆኑ ግን ኮምፒውተሩ ያቃስታል።

ከማደራረባችሁ በፊት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እለፏቸው። ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ያለፈበትን ፎቶ መጣል ቀዳዳ ይተዋል፤ ከመጣል ይልቅ የአውሮፕላኑን መስመር ብቻ በዚያ ፎቶ ላይ በጥቁር ቀለም አጥፉት፤ ሁልጊዜ ደማቁ ስለሚመረጥ ጥቁሩ አይታይም። ሳተላይቶች በምሽቱ መጀመሪያና ሊነጋ ሲል ይበዛሉ፤ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይቀንሳሉ። እኔ አንዳንዶቹን እተዋቸዋለሁ፤ የዘመኑ ሰማይ እንደዚያ ነው። የመኪና መብራት መሬቱን ያበራበትን ፎቶ ግን ሰማዩን አስቀርታችሁ መሬቱን አጥቁሩት።

በመጨረሻ በመሸ ብርሃን ያነሳችሁትን የመሬት ፎቶ ከላይ አምጥታችሁ ሰማዩን በማስክ (የፎቶውን ክፍል በሚሸፍነው መሣሪያ) ደብቁት። ንፅፅሩን በመጠኑ ጨምሩ፣ ከከተማ የመጣውን ብርቱካናማ ቀለም በጥቂቱ አቀዝቅዙት። ቀለሙን እስኪጮህ መጨመር በዚህ ዓይነት ፎቶ በሽታ ነው።

ስልክ ብቻ ያላችሁ

ይቻላል። በሁዋዌና በአንዳንድ የሻውሚ ስልኮች የካሜራ ሜኑ ውስጥ የከዋክብት ዱካ ሁነታ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ስታንድ ላይ አስሮ ማስጀመር ነው። ሌላው ስልክ «ፕሮ» ሁነታው 30 ሰከንድ ሹተር የሚፈቅድ ከሆነ በዚያው መንገድ በተከታታይ ታነሳላችሁ፤ አይኤስኦ 800፣ ፎከስ ወደ ተራራው ምልክት (የሩቅ ርቀት ምልክት ነው)፣ ስልኩ በበረራ ሁነታ። ኃይል መሙያው ተሰክቶ ይሁን፤ ስልኩ ግን ሙቀት ሲበዛበት ራሱን ሊያቆም ስለሚችል ከሽፋኑ አውጡት። መስመሩ ከትልቁ ካሜራ ይደክማል፣ ግን መስመር ነው።

ፎቶው አልቆ ሲወጣ 240ዎቹን ዋና ፋይሎች አታጥፉ። በሰከንድ 24 አድርጋችሁ በቪዲዮ ማቀናበሪያ ብትደረድሯቸው ሰማዩ ሲዞር የሚያሳይ የ10 ሰከንድ ቪዲዮ ይሆናሉ፤ ስታርስታክስም እያንዳንዱን የማደራረብ ደረጃ ለየብቻ እንዲያስቀምጥ ካዘዛችሁት መስመሮቹ ከነጥብ እየረዘሙ ሲሄዱ የሚያሳይ ሌላ ቪዲዮ ታገኛላችሁ።